ዋስ የሌለው ፕሮግራም

በደርግ ጊዜ ያለ ዋስ ሥራ የሚገባ ሰው አልነበረም። ዘበኛም ሁን መሐንዲስ፣ ደመወዝ ያለው አንድ ሰው «ይህ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ ካልፈረመልህ በሩን አታልፍም። እኔም ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የውሃ ፓምፕ ጥገና ድርጅት ስቀጠር ዋስ አጥቼ ሦስት ሳምንት ተንከራትቻለሁ። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነበር፤ ጡረተኛ ዋስ አይሆንም ተባለ። አጎቶቼ ምሳ ለመጋበዝ የማይሰስቱ ሰዎች ነበሩ፤ ፊርማ ሲባል ግን ሁሉም ድንገት እጁን አመመው። በመጨረሻ የፈረመልኝ ጎረቤታችን ነው፤ እዚያው ድርጅት ውስጥ የግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረ ሽማግሌ። ወረቀቱን እንኳ በወጉ አላነበበውም። «አቦ! ለአንድ ፊርማ ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? አምጪው!» አለና ጭኑ ላይ አስደግፎ ሞነጫጨረው።

አባ ቁልፍ ነበር የምንለው። ስሙ በኦሮምኛም በአማርኛም ያስኬዳል፤ ከወገቡ የማይለይ የቁልፍ ዘለላ ነበረውና መምጣቱን ከሩቅ የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነው። «አንተ» ነበር የምለው። ከደጋ የመጣችው እናቴ «አንቱ በይ፣ አንቺ ባለጌ!» እያለች ትቆጣኛለች። እሱ ደግሞ አንቱ ያሉት ቀን የታመመ ይመስለዋል። «ምን ሆንኩ? ፊቴ ገርጥቷል እንዴ?» ይላል። ድሬ ተወልጄ አድጌ እናቴን በዚህ ነገር ማሳመን አልቻልኩም።

ከቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለውን ግምጃ ቤት አባ ቁልፍ በጭንቅላቱ ይዞት ነበር። ፓምፕ የሚዞርበት የብረት ኩሽኔታ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ጎማ አይጥ እንደነካው፣ የትኛው ሞተር ከመጣ ጀምሮ ሣጥኑ እንዳልተከፈተ ያውቃል። ታዲያ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሁለት ኮምፒዩተር በእርዳታ መጣና ይህ ሁሉ እውቀት ወደ ማሽን ይግባ ተባለ። እኔ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ መጥቻለሁ፤ ስለዚህ ሊቅ ነኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ «ኤክስፐርቷ» መባል ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ አንገቴን ሰበር እያደረግሁ ነበር ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ስር የምሄደው።

አንደኛው ኮምፒዩተር ከዚራ ካለው ቢሯችን፣ ጥገና ክፍሉ ጋ ተቀመጠ። ሁለተኛው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ግምጃ ቤት ገባ። ለሁለቱም ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የግምጃ ቤቱ ፕሮግራም የወጣውን ዕቃ ይመዘግባል፤ የጥገና ክፍሉ የገባለትን ይመዘግባል። በየቅዳሜው ዲስኬቱን በፌስታል ጠቅልዬ በጋሪ ድልድዩን እሻገርና የግምጃ ቤቱን ወጪ ለጥገናው ማሽን አስነብበዋለሁ። ሁለቱንም ለየብቻ ፈትኜአቸዋለሁ፤ ለየብቻ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠሩት። አንድ ላይ ግን ፈትኜአቸው አላውቅም። ለምን እፈትናለሁ? ሁለቱንም የወለድኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዴት ይጣላሉ? ሥራ አስኪያጁም ከኔ የባሱ ነበሩ፤ ማሽን እያለ የምን መዝገብ ነው ብለው ጥገና ክፍሉ ገቢውን በእጅ መጻፍ እንዲተው አዘዙ።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ ደቻቱ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ግመል የሚተኛበት ወንዝ ድንገት ተነሥቶ የከተማውን ጉድጓዶች በደለል ሞላቸው፤ ፓምፖቹም ተራ በተራ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጥገና ክፍሉ እንቅልፍ አጣ። አባ ቁልፍ ኩሽኔታ በሣጥን በሣጥን ያወጣል፣ ማሽኑ ላይ ይመዘግባል፣ የወጪ ሞዴሉን አስፈርሞ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። በአራተኛው ቀን ጎርፉ ግምጃ ቤቱም ገባ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ገንፎ ሆነ፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማሽን ግን ውሃው አልደረሰበትም። «ምንም አይደል፣ ማሽኑ አለ» አልኩት፤ ያቺን ነገር ባልተናገርኳት!

መስከረም ላይ ቆጠራ ተደረገ። የግምጃ ቤቱ ማሽን ሠላሳ ስድስት ኩሽኔታ ወጥቷል ይላል። የጥገናው ማሽን አንድም አልደረሰኝም ይላል። የፈረሙት ወረቀቶች ደቻቱ በልቷቸዋል። የጥገና ክፍሉ አለቃ ሲጠየቅ አንገቱን እያከከ «ወስደን ይሆናል። ማሽኑ አልወሰዳችሁም ካለ ግን እኔ ምን አውቄ?» አለ። ፓምፖቹ በዚያው ኩሽኔታ እየዞሩ ነበር እኮ! ውሃውን እየጠጣ ነው «ምን አውቄ» የሚለው።

ነገሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። የድርጅቱ ካድሬ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ እንደ ሬዲዮ ነበር የሚናገረው። ተነሣና «ጓዶች፣ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» አለ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የተባለ ነገር በቀልድ አይታለፍም። ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪዎች በስምንት ቀን ውስጥ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ኩሽኔታዎቹ የት እንደገቡ ካልታወቀ አባ ቁልፍ ከሥራ ታግዶ ለእነሱ ይሰጣል ተባለ። አባ ቁልፍ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ጨርሶም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፈራሁ።

ያኔ ነው ሁለቱን ፕሮግራሞች አገናኝቶ የሚፈትን መሣሪያ መፈለግ የጀመርኩት። አንድ ነበረን። ከኮምፒዩተሮቹ ጋር በካርቶን ታሽጎ የመጣ፣ የፈቃዱ ወረቀት ማህተም የመሰለ የወርቅ ክብ ያለበት ፕሮግራም። ፈቃዱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ክልክል ነው ይላል። መገልበጥ ክልክል፣ ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል፣ ከአንድ ማሽን በላይ ክልክል፣ ውስጡን ከፍቶ ማየት ክልክል። የቀበሌ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ሥራ አስኪያጁ ግን ያቺን የወርቅ ክብ ሲያዩ «ይሄ ነው ፕሮግራም ማለት!» አሉ።

ጀመርኩ። መስከረምን ፈተሸ፣ ጥቅምትን ፈተሸ፣ እያለ እያለ ነሐሴን አለፈ። ጳጉሜ ላይ ሲደርስ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ቀጥ። ደገምኩት፤ ቀጥ። ውስጡን ከፍቼ እንዳላስተካክለው ታሽጓል። እንዴት እንደሰደብኩት! «አንተ ፈረንጅ! ጳጉሜን የማታውቅ፣ አሥራ ሦስት መቁጠር ያቃተህ!» እያልኩ ማሽኑን ስሞግት የጽዳት ሠራተኛዋ ሰምታ ሙቀቱ ራሴ ላይ ወጣ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ይህን ስድብ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሌላው መሣሪያ የመጣው ከጅቡቲ በባቡር ነው። አብራኝ የሠለጠነች ልጅ ውጭ አገር ትምህርት ላይ ነበረች፤ የምትማርበት ቦታ ሰዎች ጽፈው በነፃ የሚያድሉትን የመፈተሻ ፕሮግራም በአንድ ዲስኬት ገልብጣ ከወራት በፊት ልካልኝ ነበር። ከጅቡቲ እስከ ድሬ ያመጣችው በኮንትሮባንድ የምትተዳደር ዘመዳችን ናት፤ በብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ ከሽቶና ከናይለን ሻርፕ በታች ቀብራ። የጉምሩክ ፊናንሶች ባቡሩን ሲያስሱ በዚያ ጣሳ ውስጥ ማንም ለማንም እንዲሰጠው የተፈቀደ ዕቃ ዲስኬቱ ብቻ ነበር። እሱም ተደብቆ ገባ!

ዛሬ ልጆቹ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው። የተጻፈበት ጽሑፍ ሁሉ አብሮት አለ፤ ከፍተህ ታነበዋለህ፣ ያልተስማማህን ትለውጣለህ። ከፈትኩት። ሁለት ቦታ ላይ አሥራ ሁለት የሚል ነበር፤ ሁለቱንም አሥራ ሦስት አደረግኋቸው። በቃ፣ ጳጉሜን አወቀ! ያ ሁሉ የወርቅ ክብ ያልቻለውን።

ግን ምርመራ ላይ ወዳለ ማሽን ያለ ፈቃድ ምንም ነገር አይገባም። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ካድሬው፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ተብሎ አባ ቁልፍም ተጠራ። የፕሮግራሙን ፈቃድ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ማንም ሰው ሊገለብጠው፣ ሊለውጠው፣ ለሌላ ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ወረቀት ግን ከፕሮግራሙ ሊለይ አይችልም።

«ማን ነው የፈቀደው?» አለ ካድሬው።

«የጻፉት ሰዎች።»

«ለማን?»

«ለማንም፣ ጓድ።»

«ለማንም ማለት ለማን?» አለ። እሱ የሚያውቀው ፈቃድ ስም ያለው፣ ቀን ያለው፣ ክብ ማህተም ያረፈበት ነው። ለሁሉም የተሰጠ ፈቃድ ለማንም እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጥረው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ማህተም ፍለጋ።

እኔም ሞኝ፣ የመጨረሻዋን መስመር ሳልዘል አነበብኳት። «ይህ ፕሮግራም ያለ ምንም ዋስትና የቀረበ ነው።»

የአስተዳደር ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሃያ ዓመት የሰው ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ፣ ያለ ዋስ የተቀጠረች ድመት እንኳ በግቢው ውስጥ አታልፍም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። «ምን አልሽ? ዋስ የለውም?»

«እንደሱ ሳይሆን…»

«ዋስትና የለውም ብለሽ አንብበሽ የለ እንዴ! ዘበኛ በዋስ በምንቀጥርበት መሥሪያ ቤት፣ ከውጭ የመጣ፣ አባቱ የማይታወቅ ነገር ያለ ዋስ ይግባ? አይቻልም፤ መመሪያው አይፈቅድም።»

ላስረዳ ሞከርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ባሰ። ሰዓቱ ወደ ሰባት ተኩል ተጠግቷል፤ የአወዳይ ጫት መኪና የሚገባበት ሰዓት ነው፣ የኮሚቴውም ልብ በመስኮት ወጥቷል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ ተባለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መርማሪዎቹ እዚህ ናቸው።

ያኔ አባ ቁልፍ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው። «ለማን?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ለዚህ ለብስኩቱ ነገር። ፎርሙን አምጡ አቦ፣ ጫት ሳይደርቅ!»

ያ ፎርም ሲሞላ ማየት ነበር! የአስተዳደር ኃላፊው አልቀለደም፤ እየጠየቀ ጻፈ። የተቀጣሪው ስም፣ ፕሮግራም። የአባት ስም፣ ሰረዝ። የትውልድ ቦታ፣ ውጭ አገር። ቀበሌ፣ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ግምጃ ቤቱ ያለበት ቀበሌ ተብሎ ተጻፈ። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ሲደርስ ካድሬው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ ዲስኬቴን ይዤ ወጣሁ። አባ ቁልፍ የቀረውን ራሱ ሞልቶ ፈርሞ ተነሣ።

በዚያው ከሰዓት መሣሪያውን ሁለቱ ፕሮግራሞች ላይ አስነሣሁት። በየወሩ አንድ አንድ የውሸት ኩሽኔታ ከግምጃ ቤት እያወጣ ጥገና ክፍል መድረሱን ያያል። የመስከረሙ ደረሰ። የጥቅምቱ ደረሰ። የነሐሴው ደረሰ። የጳጉሜው ወጣ፤ አልደረሰም።

የጥገናውን ፕሮግራም ገለጥኩት፤ የራሴን ጽሑፍ። እዚያ መሐል፣ ከሥልጠናው መጽሐፍ ላይ እንዳለ የገለበጥኳት አንዲት መስመር ቁጭ ብላለች። ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ስህተት ነውና ዝለለው። ለግምጃ ቤቱ ስጽፍ አባ ቁልፍ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር አሥራ ሦስት ወር ሰጥቻለሁ፤ ለጥገናው ብቻዬን ሆኜ ስጽፍ ረስቼዋለሁ። ፈረንጁ እኔ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ በኔ መስመር ሌባ ሊባል ነበር።

በእግሬ ነው ደቻቱን የተሻገርኩት። አባ ቁልፍ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ጭኑን መታ።

«ጳጉሜን ረሳሽ? አንቺ? የክርስቲያን ልጅ ሆነሽ? እናትሽ ጳጉሜ ላይ ጠበል ካልተጠመቃችሁ እያለች ሰፈሩን ስታምስ እኔ እስላሙ አውቀዋለሁ፣ አንቺ ረሳሽው? ወላሂ ለእናትሽ ነው የምነግራት!» ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ግን የማለቅሰው የምሬን ነበር።

ድንገት ሳቁን አቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚኝ፤ ለማንም አትንገሪ» አለኝ። «ዝም ብለሽ አስተካክዪው። ኩሽኔታው ተገኘ በይ፣ አለቀ።»

«ታዲያ ሁለታችን ተማክረን ማሽኑን ነካካነው ይላሉ። አንተን ሌባ እንዳሉህ ይቀራሉ።»

«ይበሉኛ! እኔ ምን ቀረኝ? አንቺ ገና መጀመርሽ ነው።»

አንጀቴን በላው። ሳላመነታ ቀረሁ አልልም፤ ያን ሌሊት «እሱ ራሱ ብሏል እኮ» እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው ያደርኩት። ኤክስፐርቷ መባል ይጣፍጣል። ጠዋት ቁልፎቹ ሲንሿሹ በአጥራችን በኩል ሰማሁና ልብሴን ለብሼ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

ኮሚቴው ፊት ፈተናውን ሁለት ጊዜ አሳየሁ። አንዴ ከነጥፋቱ፣ የጳጉሜው ኩሽኔታ ሲጠፋ። አንዴ መስመሯን አርሜ፣ ሠላሳ ስድስቱም ሲመለሱ። የጥገናው አለቃም ወዲያው ትዝታው ተመለሰለት፤ «እኔም እኮ ወስደናል ብያለሁ» አለ።

«ስለዚህ አሻጥር የለም?» አለ ካድሬው፤ ትንሽ ያዘነ መሰለኝ።

«የለም ጓድ። ያለው ጥፋት ነው፤ የኔ።»

«ጥፋት ካለ ተጠያቂ አለ። የዚች ልጅ ዋስ ማን ነው?»

የአስተዳደር ኃላፊው ፋይሌን ገለጠ። አየው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የአባ ቁልፍን ስም ከነአያቱ አነበበ።

«ያ አላህ!» አለ አባ ቁልፍ። «ኩሽኔታው ቢጠፋ ሌባው እኔ፣ ኩሽኔታው ቢገኝ ዋሱ እኔ! ወርያ፣ እናንተ ሰዎች፣ ከዚህ ቤት መውጫው በየት በኩል ነው?»

ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ወደቁ፤ ካድሬውም የዚያን ቀን ግድግዳ አላገኘም። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። አባ ቁልፍ እንደ ዋስነቱ ግልባጩን ፈርሞ ተቀበለ። መርማሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ቀፊራ ገብተው ሻርፕ ገዙና ሄዱ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር አባ ቁልፍ በአጥሩ በኩል «አንቺ፣ የሚቀጥለው ወር ማን ይባላል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም እናደድ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ድርጅቱ ፈረሰ፤ ፋይላችሁን ውሰዱ ተባልን። አባ ቁልፍ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ፋይሌ ውስጥ ማስጠንቀቂያዬ አለ፤ ከሱ ሥር ሁለት የዋስ ፎርሞች በአንድ ስፒል ተይዘዋል። የኔና የፕሮግራሙ። ሁለቱንም ከዚያ በፊት እስከ ታች አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። ከፊርማው በላይ «ከተቀጣሪው ጋር ያለ ዝምድና» የሚል ቦታ አለ፤ እሱን የሞላው አባ ቁልፍ ራሱ ነው፣ በዚያ እንደ ጥፍር በተጣመመ ፊደሉ። በኔ ላይ «ልጄ» ይላል።

በፕሮግራሙ ላይ «የልጅ ልጅ» ብሎ ጽፏል።

እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ። ይህን ለራሱ ነግሬው ልቀልድበት አማረኝ፤ አጥሩ ማዶ ማንም የለም። ወረቀቶቹን ዛሬም ከዲስኬቱ ጋር ነው የማስቀምጣቸው። ዲስኬቱን የሚያነብ ማሽን የለም፤ ፈቃዱ አይለያዩ ብሏልና አልለየኋቸውም።